ለጎረቤታችን ልጅ ህክምና በቲክቶክ ብር ማሰባሰብ ፈልገን ነበር፣ ከየት እንጀምር?

የሄርማታ ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች። ሰፈራችን አንዲት የ4 አመት ህፃን አለች፣ ልቧ ላይ ክፍተት አለ ተብላ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተፅፎላታል። እናትየው እዚሁ ጅማ መርካቶ ጉልት ነው የምትሸጠው፣ አባትየው ባጃጅ ይነዳ ነበር አሁን ስራ የለውም። እድሩም መስጊዱም የአቅሙን አዋጥቷል ግን አዲስ አበባ ቤት ይዞ መክረሙ ራሱ ከባድ ነው። የሰፈር ልጆች ተሰብስበን ቪዲዮ እንልቀቅ አልን፣ ግማሾቹ ልጅቷ ስታለቅስ ካልታየች ሰው አይሰጥም ይላሉ፣ እኔ ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሰውም በአጭበርባሪ ተማሯል፣ ውሸት ነው ቢሉንስ? የሞከራችሁ ንገሩን እስቲ።

ቡና ተራ፦
እኛ ለጓደኛችን ለዲያሊሲስ (ለኩላሊት እጥበት) አድርገነዋል። መጀመሪያ የአንዱን ልጅ ቴሌብር ቁጥር ለጠፍን፣ ሰው ሊልክ ሲል የሚመጣለት ስም የታማሚው አይደለም፣ ኮሜንቱ በሙሉ "ይሄ ማነው" ሆነ፣ እውነታቸውን ነው። ባንክ ሄደን በታማሚውና በሁለት የእድር ሽማግሌዎች ስም በጣምራ ፊርማ አካውንት ስንከፍት ነው ሰው ያመነን። ሌላው ደግሞ ፎቶውን ወስዶ የራሱን አካውንት የለጠፈ ሰው ነበር፣ በጣም ነው ያመመኝ። ቁጥሩንና ስሙን ቪዲዮው ላይ በትልቁ ፃፉት፣ በድምፅም "ከዚህ ሌላ የለንም" በሉ። ደግሞ ማታ ማታ ስንት እንደገባ ሳታሳልፉ ለጥፉ፣ 200 ብር ብቻ የገባ ቀንም ቢሆን።

አባ ጅፋር ሰፈር፦
እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ፣ ሰው እንባ ካላየ ስክሮል አድርጎ ያልፋል፣ ይሄ ሀቅ ነው።

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ልጅቷ ነገ ትምህርት ቤት ስትገባ ያ ቪዲዮ ይጠብቃታል እኮ። በ2017 ሰይፉ ፋንታሁን ለመቄዶንያ ህንፃ በዩቲዩብ በቀጥታ ሲያሰባስብ ሰው የሰጠው የገባውን ብር እያየ፣ ቤቱንም ስለሚያምነው ነው። ፊቷን ሳታሳዩ እጇን ይዛ እናቷ ትናገር፣ የሪፈሩን ወረቀት አሳዩ ግን የካርድ ቁጥሩንና ስልኩን ሸፍኑት። የሄርማታ ልጅ፣ ከሁሉ በፊት ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ህሙማን ህፃናት ማዕከል ተመዝግባ እንደሆነ ጠይቁ፣ እዛ በነፃ ነው የሚሰሩት፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ቀዶ ጥገናው በነፃ ከሆነ የምትሰበስቡት ለትራንስፖርት፣ ለማረፊያና ለመድሃኒት ነው፣ ልኩን ተናገሩ። ሳታጣሩ ውጭ ሀገር ካልሄደች ብላችሁ ሚሊዮን እንዳትጠሩ።

ከሚኒሶታ፦
ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት እርዳታ ማሰባሰቢያው) እዚህ እኛ ካልከፈትነው አይሆንም፣ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይከፍልም። ቤተሰቡን የሚያውቅ የጅማ ልጅ እዚህ ካለ እሱ ይክፈት፣ ብሩን አውጥቶ ሲልክ ደረሰኙን ግሩፑ ላይ ይልቀቅ።

የሄርማታ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ማዕከሉ ስለመመዝገቧ እናትየውን ጠየቅኳት፣ ሪፈሩን ይዛ ቁጭ ብላለች እንጂ እዛ የሄደ የለም። እንግዲህ ዛሬ እዛ ያለ ዘመድ ተፈልጎ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ይጠይቅልናል፣ ነገ ከዙሁር በኋላ ደግሞ ከሁለት የእድር ሰዎች ጋር ባንክ እንሄዳለን። ቪዲዮው መልሱ እስኪመጣ ይቆይ ተባብለናል፣ እናትየው በኦሮምኛም በአማርኛም ትናገራለች። ሲስተር፣ ወረቀቱ ላይ ምን ምን እንደሚሸፈን በውስጥ መስመር ብጠይቅሽ ታይልኛለሽ?