ኤምአይቲ ሞልቶ ቲ4 የለም፤ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

ጠያቂ፦
የታይሮይድ ሆርሞን ቲ4ን በሙከራ ቱቦ ልሠራ ነው። ከእንቅርት የወጣ፣ አዮዲኑ በጣም ያነሰ ታይሮግሎቡሊን (ሆርሞኑ የሚሠራበት የእጢው ፕሮቲን) 1 ሚሊግራም፣ ፖታሲየም አዮዳይድ 10 ናኖሞል፣ ላክቶፐሮክሲዴዝ (በፐርኦክሳይድ አዮዲኑን ፕሮቲኑ ላይ የሚያስገባ ኢንዛይም)፤ ሁሉም በ1 ሚሊሊትር ፎስፌት በፈር፣ ፒኤች 7.4፣ 37 ዲግሪ። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይዱ 1 ሚሊሞላር እንዲሆን በአንዴ ነው የገባው። በፕሮኔዝ (ፕሮቲን በሚቆራርጥ ኢንዛይም) ከተፈጨ በኋላ ማስ ስፔክትሮሜትሩ በክብደት መለኪያው 308 ላይ ሞኖአዮዶታይሮሲን (ኤምአይቲ) ጎልቶ ያሳያል። 434 ላይ ዳይአዮዶታይሮሲን (ዲአይቲ) ጭላንጭል ናት፤ 778 ላይ ቲ4 ባዶ ነው። ኢንዛይሙ ሞቶ ይሆን?

ናኖሞል፦
መጀመሪያ ሂሳቡን እይ። ታይሮግሎቡሊን 660,000 ዳልተን ገደማ ነው፤ 1 ሚሊግራሙ 1.5 ናኖሞል ይሆናል። አዮዳይዱ አንድም ሳይባክን ቢገባ ለአንድ ሞለኪውል 6 ወይም 7 አቶም ቢደርሰው ነው፤ ታይሮሲኖቹ (አዮዲን የሚይዙት አሚኖ አሲዶች) ግን 130 ገደማ ናቸው። ቀድሞ የሚገባው አዮዲን ኤምአይቲ ይሠራል፤ እዚያው የታይሮሲን ቀለበት ላይ ሁለተኛው ሲጨመር ነው ዲአይቲ የሚወጣው። ቲ4 ደግሞ ሁለት ዲአይቲ ይፈልጋል፣ ያውም ለመጣመር በሚመች ቦታ የተቀመጡ። ኤምአይቲ ከዲአይቲ ጋር ሲጣመር ቲ3 (ሦስት አዮዲን ያለውን ሆርሞን) ይሰጣል፤ አዮዲን ያጠረው እጢ ወደ ቲ3 የሚያደላውም ለዚህ ነው።
ለአንድ ሞለኪውል 30 አቶም ለማድረስ 45 ናኖሞል ያስፈልጋል፣ 7.5 ማይክሮግራም ፖታሲየም አዮዳይድ መሆኑ ነው። ይህን በሚዛን አትሞክረው፤ ወፈር ያለ ብጥብጥ ሠርተህ አቅጥነህ ውሰድ። እጅግ ማብዛትም አያዋጣም፤ የበዛ አዮዳይድ ጥምረቱን ያግዳል።

ግሉኮስ፦
ሂሳቡ ልክ ነው፤ ፐርኦክሳይዱ ግን የባሰ ነው። 1 ሚሊሞላር በ1 ሚሊሊትር ማለት 1,000 ናኖሞል፣ የአዮዳይድህ መቶ እጥፍ ነው። እንዲህ በአንዴ ሲወርድበት ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይበላሻል። ግሉኮስ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር አድርገህ ጥቂት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ጨምርበት፤ ፐርኦክሳይዱን ቀስ እያለ ያመነጨዋል። ካታሌዝ የተቀላቀለበት ኦክሲዴዝ አትግዛ፣ የተመረተውን መልሶ ይበላዋል። በነገራችን ላይ፣ የታይሮግሎቡሊኑ ብጥብጥ ሶዲየም አዛይድ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) አለበት?

ጠያቂ፦
አለበት፣ 0.02 በመቶ።

ግሉኮስ፦
በል እሱን በዲያሊሲስ አስወጣ፤ አዛይድ ፐሮክሲዴዝን ያግዳል። ሌላውን ሁሉ ብታስተካክል እሱ ካለ ውጤቱ አይታመንም።

ናኖሞል፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ፕሮኔዙ ከመግባቱ በፊት ምላሹን በሜቲማዞል (ፐሮክሲዴዝን በሚያግድ መድኃኒት) አቁመው፤ አለበለዚያ በመፈጨት ላይ ሳለ የሚለቀቀው ነፃ ታይሮሲንም አዮዲን ይይዝና ኤምአይቲው በሐሰት ያብጣል። አዮዳይድ ያልገባበት ባዶ ናሙናም አብረህ ፍጭ። አዮዲኑ ያነሰ የተባለ ታይሮግሎቡሊን እንኳ ከእጢው ይዞት የመጣ ኤምአይቲ አያጣም።