ሮዚና የቤተሰቡ ሰው ናት ወይስ የቤቱ ሠራተኛ?

አወያይ፦ ሰላም ወገን። የዚህ ወር መጽሐፋችን የአብርሃም ቨርጊዝ «ካቲንግ ፎር ስቶን» ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ልብ ወለድ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቷል። ደራሲው ከኬረላ ከመጡ የህንድ መምህራን በ1955 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደ ሐኪም ነው። ላላነበባችሁ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። «ሚሲንግ» የሚባል ሆስፒታል አለ፤ ሚሽን ለማለት ነው፣ ያገሬው ሰው አፍ እንዲያ አደረገው። እዚያ አንዲት ህንዳዊት መነኩሲት መንታ ወልዳ ትሞታለች። አባትየው፣ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቶን፣ ልጆቹን ጥሎ ይጠፋል። ማሪዮንና ሺቫን ሄማና ጎሽ የሚባሉ ሁለት ህንዳውያን ሐኪሞች ያሳድጓቸዋል። ሲጀመር ባልና ሚስት እንኳ አልነበሩም። ባለፈው ሳምንት ሁላችሁም «ይሄን ቤተሰብ ወደድነው» አላችሁ። ምኑን ነው የወደዳችሁት? ከቤተሰቡ ውስጥስ ማንን ቆጠራችሁ?

የሳሪሷ፦ እኔ በጎሽ ነው የወደድኩት። አለቀ። አሜሪካ ሊሄድ ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው የሌላ ሰው ልጆች ታቅፎ ቀረ። እኔንም ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። አንደኛ ክፍል ልታስመዘግበኝ ስትሄድ ፎርሙ «የእናት ስም» ይላል። አክስቴ የራሷን ስም ጻፈች። ጸሐፊዋ «የወለደቻትን ነው የምንፈልገው» ብላ በቀይ እስክሪቢቶ ሰረዘችው። አክስቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ሌላ ፎርም ጠየቀች። እዚያም ላይ የራሷን ስም ጻፈች። ጎሽን ሳነብ ያቺ ቀይ መስመር ነበር ፊቴ ላይ የምትመጣው።

የጉለሌው፦ አክስትሽን ዕድሜ ይስጥልኝ። ጎሽ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ቆይ፣ መንታዎቹን ማነው ያዘላቸው? የቤቱ ሠራተኛ ሮዚና ናት። ሲያለቅሱ ማነው የተነሳው? ሮዚና። ማታ የት ነው የምታድረው? ሰርቪስ ቤት። ልጇ ገነት ከመንታዎቹ ጋር አብራ አደገች። ግን እሷም የሰርቪስ ቤት ልጅ ናት። «ፍቅር የሰራው ቤተሰብ» ስትሉ ያ ፍቅር ከዋናው ቤት ደጃፍ ላይ የሚቆም ይመስለኛል።

የዲሲዋ፦ ኧረ ወንድሜ፣ የዚያን ዘመን አዲስ አበባ እኮ ነው የጻፈው። ሰርቪስ ቤት የሌለበት ግቢ ቢጽፍልህ «ዋሸ» ትለው ነበር።

የጉለሌው፦ ሰርቪስ ቤቱን መጻፉን አልተቃወምኩም። እኛ ስናነብ ዘለነው ነው የምለው። ያለፈውን ሳምንት ጽሑፋችሁን መልሳችሁ እዩት። ጎሽ፣ ሄማ፣ የሆስፒታሏ ኃላፊ ማትሮን። ሮዚናን የጠራ አንድ ሰው የለም።

መምህር (ጡረተኛ)፦ ልጆቼ፣ እኔም አልጠራኋትም፤ እውነቱ ይሄ ነው። እኔ የታዩኝ መምህሮቼ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ሂሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ነበሩ። «ሚስተር» እያልን አራት ዓመት ስንማር እቤታቸው ምን እንደሚበሉ፣ ማታ ምን እንደሚያወሩ አስቤ አላውቅም። ይሄ መጽሐፍ ያን በር ከፈተልኝ። ደግሞ የሄማና የጎሽ ጋብቻ አሳቀኝ። ለአንድ ዓመት ነው የሚጋቡት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ውሉ ይታደሳል። ፈረንጅ አንባቢ «ምን ጉድ ነው» ይል ይሆናል። እኛ ዘንድ እኮ የደሞዝ ጋብቻ የሚባል ነበር። ከቤቱ ርቆ የሚከርም ነጋዴ ወይም ወታደር በደሞዝ ተስማምቶ ለተወሰነ ጊዜ ሚስት ይይዛል። ልዩነቱ እዚህ ውሉን የያዘችው ሴቲቱ መሆኗ ነው!

የሳሪሷ፦ ጋሼ፣ ይሄን ነገር ራሱን ችሎ ይጻፉልን በናትዎ።

ገና ያላነበበው፦ እኔ 200ኛው ገጽ ላይ ነኝ። መጨረሻውን የሚናገር ሰው ካለ ተጣልተናል።

አዋላጇ፦ ይቅርታ፣ ልንጣላ ነው እንግዲህ። ሺቫ ሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገባ ከሄማ ሥር ሆኖ ተምሮ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ይሆናል። ብዙ ሰው «ይሄ የተጋነነ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። አልተጋነነም። በእውኑ ዓለም ማሚቱ ጋሼ የምትባል ሴት አለች። ገና በልጅነቷ በወሊድ ተጎድታ፣ ዶክተር ሃምሊን ባልና ሚስት ይሠሩበት ወደነበረው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች። ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ከታከመች በኋላ አልሄደችም። አልጋ ስታነጥፍ፣ መሣሪያ ስታቀብል፣ እጇ ሥራውን ለመደ። በመጨረሻ ራሷ የምትሰፋ፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ሆነች። ስለዚህ የጉለሌው ያለው ነገር እኔንም ይቆረቁረኛል። ዲግሪ ሳይኖረው እጁ የተባረከ ሰው ታሪክ በሀገሪቱ በእውን ያለው ባንዲት የገጠር ሴት ነው። በልብ ወለዱ ግን ዕጣው ለዋናው ቤት ልጅ ደረሰ። ደራሲው ከሷ ወሰደ አላልኩም። እኔ ሳነብ ግን የታየችኝ እሷ ናት።

የዲሲዋ፦ ማሚቱን በማንሳትሽ ተባረኪ። እኔ ግን ሌላ ነገር ላምጣ። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ አለ። ከኛ ሀገር በጉዲፈቻ የወሰዳት ልጅ አለችው። የኛ ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. ከማገዱ በፊት ከሄዱት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አንዷ ናት። መጽሐፉን ያዋስኩት እኔ ነኝ። ምሳ ላይ ምን አለኝ? «ጎሽን ወደድኩት፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ማሪዮን ነው።» ለምን ስለው፣ ማሪዮን ያን ሁሉ ፍቅር አግኝቶ አድጎ እንኳ ስቶንን ፍለጋ ይሄዳል አለኝ። የልጁን ጸጉር ሹሩባ ለመሥራት ከዩቲዩብ የተማረ አባት ነው ይሄን የሚለኝ። እኔ የምለው፣ መጽሐፉ «ያሳደገ ያሸንፋል» ብሎ አልዘጋውም። የወለደውም ቦታውን አይለቅም። ሰው የሚወደው ለዚያ ይመስለኛል።

የጉለሌው፦ በዚህ ተስማማሁ። አሁን ገነት ላይ እንምጣ። ከሺቫ ጋር ተኛች። ሺቫ ምን ሆነ? ምንም። እሷን ግን እናቷ ሮዚና አስገረዘቻት። ከዚያ ሮዚና ራሷን ሰቀለች። ገነት ጫካ ገባች፣ አውሮፕላን ጠለፋ ውስጥ ተነካካች፣ በመጨረሻ አሜሪካ ድረስ በሽታ ይዛ መጥታ ለማሪዮን ሰጠችው። አያችሁ? የዚህ ቤተሰብ መከራ ሁሉ የሚገባው በሰርቪስ ቤቱ በር ነው። የዋናው ቤት ሰዎች በክብር ይሞታሉ፤ የሰርቪሶቹ በውርደት።

የሳሪሷ፦ እንዴ! ታሪኩን የሚነግረን እኮ ማሪዮን ነው። የተቀየመ ሰው ነው። ገነትን ሲያፈቅራት ኖሮ ወንድሙ ቀደመው። የተቀየመ ሰው ሲያወራ ሴቲቱ መቼም ንጹህ አትሆንም። ደራሲው ይሄን አያውቅም ብለህ ነው?

የጉለሌው፦ ያውቅ ይሆናል። ታዲያ ለምን ገነት አንዲት ምዕራፍ በራሷ አፍ አላወራችም?

የሳሪሷ፦ ተራኪው አንድ ስለሆነ!

የጉለሌው፦ አይደለም እህቴ፣ ማሪዮን ገና ሳይወለድ የሆነውን ነገር፣ ሄማ አውሮፕላን ውስጥ ሆና ያሰበችውን ሳይቀር ይነግረናል። ሄማ ጭንቅላት ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ያልጠየቀ ሰው ሮዚና ጋ ሲደርስ በሩን ያንኳኳል?

አዋላጇ፦ ይሄ ነጥብ ጠንካራ ነው። እኔ ከሥራዬ አንጻር የግርዛቱን ክፍል ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ሮዚና ለምን እንዲያ እንዳደረገች አልገባኝም አልልም። እንዲህ ያሉ እናቶች አጋጥመውኛል፤ ልጃቸውን ያዳኑ ነው የሚመስላቸው። ከሮዚና አፍ አንድ ገጽ ባገኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

መምህር (ጡረተኛ)፦ አንድ ቃል ልጨምር። «ሞግዚት» የሚለውን አስቡት። ፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ሲሰጥ በወላጅ ቦታ ሆኖ ስለ ልጁ የሚፈርም ሰው ማለቱ ነው። እቤታችን «ሞግዚት ቀጠርን» ስንል ደግሞ ወር ጠብቀን የምንከፍላት ልጅ ናት። ቃሉ አንድ ነው። ሮዚና ሁለተኛዋን ነበረች፤ የሠራችው ግን የመጀመሪያዋን ነው። በነገራችን ላይ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ በመጽሐፉ ጄኔራል መብራቱ ተብሏል። የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር የምናውቅ ሰዎች መንግሥቱ ንዋይን እንደሆነ አንስተውም። ቅር አላለኝም፤ ልብ ወለድ ነው።

የዲሲዋ፦ ጋሼ ያሉት ልቤን ነካው። ግን አሁንም መጽሐፉን አሳልፌ አልሰጥም። እዚህ ቢሮ ውስጥ ስለ አዲስ አበባ ረሃብ ሳያነሱ የጠየቁኝ ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ነው። መርካቶ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። በርበሬ ይሸተናል አሉኝ። ጎዶሎ ቢኖርበትም ባለውለታዬ ነው።

የጉለሌው፦ እኔም አልጠላሁትም እኮ። በሁለት ሌሊት ነው የጨረስኩት። ሺቫ ጉበቱን ለማሪዮን ሰጥቶ ሲሞት አልቅሻለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሩ።

ገና ያላነበበው፦ ሺቫ ይሞታል?!

አወያይ፦ ወይኔ። ይቅርታ ወንድሜ።

የሳሪሷ፦ ሰዎች፣ እኔ ቅድም ያልጻፍኩት ነገር አለ። አክስቴ ቢሮ ነበር የምትውለው። ቀን ቀን ያዘለችኝ ሌላ ናት። እታበባ ነበር የምላት። ሰባት ዓመት እኛ ጋ ኖራለች። ሽሮ አብስላ ጣቷን አስነክራ እያበረደች ነበር የምታጎርሰኝ። ጎሽን ሳነብ አንዴም ትዝ አላለችኝም፤ እናንተ ስትከራከሩ ነው የመጣችብኝ። አሁን አክስቴ ጋ ደውዬ የእታበባን የአባት ስም ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ከመንዝ ነበር የመጣችው» አለችኝ።