በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የአቪላ የጭቃ ጡብ ቤት፦ የቤተሰቡ ታሪክና ከመፍረስ የተረፈበት መንገድ

ጥያቄ (የሸዋ ሰው)

ሰላም ለሁላችሁ። በሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ፣ ኦልቬራ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከገበያው ሱቆች መካከል በ1818 የተሠራ የጭቃ ጡብ ቤት አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በከተማይቱ እስካሁን ከቆሙት መኖሪያ ቤቶች አንጋፋው መሆኑ ይነገራል። ገብቼ ጎብኝቼዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች በሚገባ አልተመለሱልኝም። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚደጋገምበት አገር ከጭቃ የተሠራ ቤት ሁለት መቶ ዓመት ሊቆም የቻለው እንዴት ነው? ደግሞስ ቤተሰቡ ከለቀቀው በኋላ ማን ጠበቀው? ዛሬ የምናየውስ ምን ያህሉ የጥንቱ ነው? የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 (የታሪክ ወዳጅ)

ከቤተሰቡ ብጀምር ይሻላል። ቤቱን ያሠራው ፍራንሲስኮ አቪላ፣ ካሊፎርኒያ በስፔን ዘውድ ሥር በነበረችበት ዘመን በከብት እርባታ የበለጸገ ሰው ሲሆን፣ በ1810 የከተማይቱ አልካልዴ፣ ማለትም ከንቲባ ሆኖ አገልግሏል። ከብቶቹ ላስ ሲዬኔጋስ በተባለው ሰፊ ርስቱ ላይ ይሰማሩ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ማሪያ ዴል ሮሳሪዮ ቬርዱጎ በ1822 ስትሞት ኤንካርናሲዮን ሴፑልቬዳን አገባ፤ እርሱም በ1832 ሲያርፍ ቤቱ በመበለቲቱ እጅ ቀረ።

የቤቱ ስም ከአገር ታሪክ ጋር የተያያዘው በጥር 1847 ነው። በአሜሪካና በሜክሲኮ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው ኮሞዶር ሮበርት ስቶክተን ሎስ አንጀለስን እንደያዘ ይህን ቤት ጊዜያዊ የጦር መምሪያው አደረገው። መበለቲቱ ወደ ዘመዶቿ ሄዳ ስለነበር ቤቱን እንዲጠብቅ የተተወው ልጅ የወታደር ሙዚቃ ሲሰማ በሩን ከፍቶ ወጣ የሚል ወግ አለ። እኔ ለወጉ ብዙ ክብደት አልሰጠውም፤ ስቶክተን በቤቱ ማረፉ ግን የተመዘገበ ነገር ነው።

ኤንካርናሲዮን በ1855 ስታርፍ ልጇ ፍራንሲስካ ከባሏ ከቴዎዶር ሪምፓው ጋር እስከ 1868 ኖረችበት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ለተከራይ እየተሰጠ ምግብ ቤትም፣ ማረፊያም እየሆነ ያረጀው በዝግታ ነው።

መልስ 2 (ግንበኛው)

ስለ አሠራሩ እኔ ልመልስ። በእኛ አገር ጭቃ ቤት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ቋሚ እንጨት ተተክሎ፣ ማገር ተማግሮ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ የሚመረግበትን ነው። በዚያ ቤት ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨቱ ሲሆን ጭቃው እንደ ልብስ ነው፤ ምርጊቱ ቢረግፍ እንደገና ይመረጋል። በአቪላ ቤት ግን ሸክሙ ሁሉ ያለው በግድግዳው ላይ ነው። አፈርና ጭድ ተቦክቶ በቅርጽ ማውጫ ይጠፈጠፋል፤ እሳት ሳያገኘው በፀሐይ ይደርቅና በጭቃ እየተያያዘ ይገነባል። የግድግዳው ውፍረት ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጣሪያው መጀመሪያ ጠፍጣፋ የነበረ ሲሆን፣ ከላብሬያ የተፈጥሮ ሬንጅ ጉድጓዶች የመጣ ሬንጅ ከጠጠርና ከፈረስ ፀጉር ጋር ተቀላቅሎ ይለበጥ ነበር።

የመሬት መንቀጥቀጡ ጥያቄ የሚመለሰውም በዚሁ ውፍረት ነው። የጌቲ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባካሄደው ጥናት ትናንሽ የጭቃ ጡብ ቤቶችን በሚነቀነቅ መድረክ ላይ እያስቀመጠ ፈትኗል፤ ፈተናዎቹ የተካሄዱት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና በመቄዶኒያዋ ስኮፕዬ ነው። ቁመቱ ከውፍረቱ ስድስት እጥፍ የማይሞላ ግድግዳ ቢሰነጠቅም እንኳ በራሱ ክብደት ቆሞ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ቀጭኑ ግን ወደ ውጭ ይገለበጣል። የአቪላ ቤት የመጀመሪያ ጣሪያ አራት ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ እንደነበረው ስለሚነገር፣ ቁመቱ ከውፍረቱ ከአምስት እስከ ስድስት እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ማለት ግን አልተጎዳም ማለት አይደለም፤ የካቲት 9 ቀን 1971 የደረሰው የሲልማር መንቀጥቀጥ ክፉኛ ስለጎዳው ተዘግቶ ለዓመታት መጠገን አስፈልጎታል።

በእኔ ግምት ለእንዲህ ያለ ቤት ከመንቀጥቀጥ ይልቅ የሚያስፈራው ውሃ ነው። ከጣሪያ የሚንጠባጠበውና ከመሬት የሚሳበው እርጥበት የግድግዳውን እግር ቀስ በቀስ ይበላዋል። ይህን ለመከላከል ሲባል በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ስህተት ነው፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ከውጭ ያማረው ግድግዳ ከውስጥ ይበሰብሳል።

መልስ 3 (ወለተ ሰንበት)

የቀረው ማን ጠበቀው የሚለው ነው። በ1926 ክሪስቲን ስተርሊንግ የተባለች ሴት ሰፈሩን ስታይ በመጎሳቆሉ አዘነች፤ በ1928 ከተማው ቤቱን ለመኖሪያ የማይበቃ ነው ብሎ እንዲፈርስ ሲወስን ደግሞ ዘመቻ ጀመረች። የሎስ አንጀለስ ታይምስ አሳታሚ ሃሪ ቻንድለር ደገፋት፤ ቁሳቁስ በልገሳ ተገኘ፤ የጉልበቱን ሥራ በከፊል የሠሩት ፖሊስ ያመጣቸው እስረኞች ነበሩ። መንገዱ የሜክሲኮ ገበያ ሆኖ የተከፈተው በሚያዝያ 20 ቀን 1930 ነው።

ይህን ስንናገር ግን ሌላውን መተው አይገባም። ገበያው በተከፈተ በዓመቱ፣ የካቲት 26 ቀን 1931፣ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት አጠገቡ ያለውን አደባባይ ከበው አራት መቶ ያህል ሰዎችን ይዘው መረመሩ። ብዙ ሜክሲካውያን አገሩን ለቀው እንዲወጡ የሚገፉበት ወቅት ነበር። በአንድ በኩል የጥንቷን የሜክሲኮ ከተማ ትዝታ ለጎብኚ እያሳመሩ መሸጥ፣ በሌላ በኩል የዕለቱን ሜክሲካዊ ማባረር አብረው የሄዱ ነገሮች ናቸውና፣ የስተርሊንግ ሥራ ሙሉ በሙሉ የማዳን ሥራ ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም።

መልስ 4 (የታሪክ ወዳጅ)

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ያሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም ስተርሊንግ ባትኖር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ግድግዳ አይኖርም ነበር። ሁለቱም በአንድ ጽሑፍ ቢነገሩ የተሻለ ነው።

ጠያቂው ስለ ጥንታዊነቱ ላነሱት ጥያቄ፦ የዛሬው ሕንፃ የቀድሞው ቤት ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቤቱ መጀመሪያ ረዘም ያለና ክንፍ ያለው ነበር። ጣሪያውም አሁን ተዳፋት ነው። ክፍሎቹ የተዘጋጁት በ1840ዎቹ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ቤት እንዴት እንደነበር ለማሳየት ስለሆነ፣ የሚያዩትን ዕቃ ሁሉ የአቪላ ቤተሰብ ውርስ አድርገው አይውሰዱት። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1953 አካባቢውን የታሪክ ፓርክ አድርጎ ከያዘው ወዲህ፣ በተለይም ከ1971ዱ መንቀጥቀጥ በኋላ በተደረገው ጥገና፣ የግድግዳዎቹ ክፍል በአዲስ ሥራ መጠናከሩን ልብ ይበሉ። የጥንቱን ውፍረት ለመገመት የሚቀለው የመስኮቶቹን ጥልቀት በማየት ነው።