ቼክኛን ደሴ ሆኖ ከዜሮ መጀመር፦ ከየት ልነሳ?

እህት ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ በቼክኛ ለሚማር ሰው፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ቋንቋውን እዚሁ ልጀምር አስቤያለሁ፤ አስተማሪ ግን የለም። መጀመሪያ ድምፁን ልያዝ ወይስ ሰዋስውን? ሰባት ኬዝ (ስም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሚና መጨረሻው የሚለዋወጥበት መልክ) አለው ሲባል ከወዲሁ ፈራሁ።

ቦርከና
አብሽሪ እህቴ። ብዙ ፋኩልቲዎች የሚጠይቁት ቢ2 ደረጃን (በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ከመካከለኛ ከፍ ያለውን) ነው፤ ለዚያ ፕራግ ያለው የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት የቅድመ ዝግጅት ኮርስ አለው። እዚህ ሆነሽ ድምፁን ካስተካከልሽ እዚያ ብዙ ትቀድሚያለሽ። ች፣ ሽ፣ ዥ፣ ኝ አፋችን ላይ ያሉ ናቸው። እኛ ወሎዎች «ኸዚያ» የምንልበት ኸም አለ።

እኛን የሚጥለን የአናባቢ ርዝመት ነው። ጆሯችን የለመደው ማጥበቅና ማላላትን ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ሌላ። ቼክኛ ግን የሚያስረዝመው አናባቢውን ነው። «ቢት» ባጭሩ መኖሪያ ቤት፣ ኢ ሲረዝም «መሆን» ማለት ነው። የኛ ሰው ኢን በማስረዘም ፈንታ ት ን ያጠብቃል፣ ሰሚው ግራ ይጋባል። ጫናው፣ ማለትም ድምፁ ጎላ የሚልበት ቦታ፣ ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው፤ «ዶብሪ» ስትዪ ጫናው ዶ ላይ፣ ርዝመቱ ሪ ላይ። ሁለቱን ለያይተሽ ተለማመጂ። የታወቀው አስቸጋሪ ድምፅ ር እየተንቀጠቀጠ ዥ አብሮት ሲወጣ ነው፤ ተራ በተራ ከወጡ ስህተት ነው። እሱ ግን ቢዘገይም ግድ የለም።

ሀይቅ ማዶ
ኬዙን በሰንጠረዥ አትሸምድጂው። ስሙን ከነመስተዋድዱ ያዢ፦ ወደ ፕራግ «ዶ ፕራሂ»፣ ፕራግ ውስጥ «ፍ ፕራዜ»። (ሁለተኛው የሚጻፈው በቭ ነው፤ ከፕ በፊት ስለመጣ ፍ ሆኖ ይነበባል።) ከተሳቢው ጀምሪ፤ የኛ «ን» የምትሠራውን እዚያ የቃሉ መጨረሻ ይሠራዋል። ቡና «ካቫ»፣ ቡና እጠጣለሁ «ፒዩ ካቩ»። በወንዴ ስም ላይ ሕይወት ያለውና የሌለው ይለያያል፦ ወንድም አለኝ «ማም ብራትራ»፣ ጠረጴዛ አለኝ «ማም ስቱል»፤ ጠረጴዛው ምንም አልተለወጠም። ጾታውን ሳታውቂ ስም አትመዝግቢ፤ ኋላ የምትቀይሪው መጨረሻ ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚሄደው።

የኮምቦልቻው
ግሱን አትርሺው። ሁሉም ማለት ይቻላል ጥንድ ነው፤ «ፕሳት» መጻፍ፣ «ናፕሳት» ጽፎ መጨረስ። በአንድ ካርድ ላይ ሁለቱንም ጻፊ። ለወደፊት «ቡዱ ፕሳት» ይባላል፣ ጽፌ እጨርሳለሁ ለማለት ግን «ናፒሹ» ብቻ ነው። «ቡዱ ናፕሳት» የሚባል ነገር የለም፤ ጀማሪው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንቺ «ሄድኩ» ስትዪ «ሽላ ሴም» በዪ፣ ወንድ «ሼል ሴም» ይላል። የምታዳምጪው ቅጂ የወንድ ድምፅ ከሆነ እንዳለ አትድገሚው፣ ወደ ራስሽ ለውጠሽ በዪው።