«ኦስቴንሲብል» የሚለውን ቃል በአማርኛ ምን ልበለው?

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ስሆን፣ ሰሞኑን ስለ ቡና ግዢ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ወደ አማርኛ ስመልስ «የጉብኝቱ ኦስቴንሲብል ዓላማ የእሸት ቡናውን አያያዝ ማየት ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ከቆምኩ ሁለት ቀን ሆነኝ።

ቃሉ «ማሳየት» የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ግስ መምጣቱን፣ በይፋ የሚነገረው ምክንያት እውነተኛው ላይሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬም ማዘሉን ተረድቻለሁ። የቸገረኝ የጥርጣሬው መጠን ነው። መጀመሪያ «ለይስሙላ» ብዬ ነበር፤ መልሼ ሳነበው ግን እንግሊዝኛው ጎብኚዎቹን ሲጠረጥር የእኔ አማርኛ ፈርዶባቸው አረፈ። «ይፋዊ ዓላማ» ስል ደግሞ ጥርጣሬው ጭራሽ ጠፍቶ የቢሮ ደብዳቤ መሰለ። አሁን ያጋደልኩት «ዓላማው አያያዙን ማየት ነው ቢባልም» ወደሚለው ነው፤ ሆኖም «ቢባልም» ያነበበ ሰው ቀጣዩን ግማሽ መጠበቁ አይቀርም፣ ሪፖርቱ ግን ሌላ ዓላማ አይጠቅስም።

በተጨማሪም «አፓረንት» የሚለው ቃል አንዳንዴ «ግልጽ»፣ አንዳንዴ «የሚመስል» ማለት ስለሆነ፣ በዚህ ቦታ ቢገባ ኖሮ ትርጉሙ ምን ያህል ይለወጥ ነበር? ደግሞስ «ኦስቴንሲብል» ከስም በፊት እንጂ «ምክንያቱ ኦስቴንሲብል ነው» ተብሎ ሲጻፍ እምብዛም ያላየሁት የአጋጣሚ ጉዳይ ነው ወይስ የአጠቃቀም ልማድ?

ረቂቁን ዓርብ ስለማስረክብ፣ ከነምሳሌው የሚያስረዳኝ ባገኝ ውለታው ከፍ ያለ ነው።