ሱክሮስ በቤኔዲክት ሙከራ አረንጓዴ ሆነብኝ

ሱክሮስ (የተለመደው የምግብ ስኳር) ሪዱሲንግ ስኳር፣ ማለትም ለመዳብ አዮን ኤሌክትሮን የሚሰጥ ስኳር፣ አለመሆኑን ለተማሪዎች ላሳይ ነበር። በየቱቦው 2 ሚሊ ሊትር የቤኔዲክት ሪኤጀንት (ሪዱሲንግ ስኳር ሲኖር ቀለሙ የሚለወጥ፣ መዳብ ያለበት ሰማያዊ ፈሳሽ) እና 2 ሚሊ ሊትር ባለ 1 በመቶ ሙሙት ጨምሬ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆያለሁ። ግሉኮሱ ጡብ መሰል ቀይ ዝቃጭ ይሰጣል፤ ባዶው ውሃ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። የሱቁ ነጭ ስኳር ግን አረንጓዴ ይሆናል።

በሱክሮስ ውስጥ የግሉኮሱ 1ኛ ካርበንና የፍሩክቶሱ 2ኛ ካርበን እርስ በርስ ስለተሳሰሩ ሁለቱም ቀለበቶች የሚከፈቱበት ቦታ ዝግ ነው፤ የመዳቡን አዮን ሪዱስ የሚያደርግ ነገር መኖር የለበትም። በማፍላቱ ጊዜ ተሰበረ እንዳልል፣ ሪኤጀንቱ ሶዲየም ካርቦኔት ያለበት ቤዛዊ ነው፤ ሱክሮስን የሚሰብረው ደግሞ አሲድ ነው።

ቱቦዎቹን በዲስቲልድ ውሃ አጥቤ ደገምኩት፣ ለውጥ የለም። የመጀመሪያው ሙሙት ያደረ ስለነበር ረቂቅ ተሕዋስያን በኢንቨርቴዝ (ሱክሮስን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ በሚሰብር ኢንዛይም) ሰባብረውት ይሆናል ብዬ ወዲያው የበጠበጥኩትን ሞከርኩ፤ አረንጓዴው ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። አሁን የምጠረጥረው ስኳሩን ራሱን ነው።

የላቦራቶሪ ሱክሮስ የለኝም፣ 95 በመቶ ኢታኖል ግን አለ። የስኳሩን ፍሬዎች በኢታኖል ባጥባቸው ላያቸው ላይ ያለው ግሉኮስና ፍሩክቶስ በበቂ ይወጣል ወይስ ስኳሩን አሟሙቼ እንደገና ክሪስታል ማድረግ አለብኝ?