ጀሶ የታሰረ እጅና ከጎረቤቴ የተሰጠኝ "የአጥንት ጠጋኝ"፦ ልጠጣው ወይስ ልተወው?

የሻዎቤዋ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ነው፣ ሻዎቤ አካባቢ። ከ12 ቀን በፊት ዕቃ ተሸክሜ ደረጃ ስወርድ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ግራ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። አጥንቱ ከቦታው አልወጣም ተብሎ ጀሶ ታሰረልኝ። 6 ሳምንት ይቆያል ብለውኛል።

ከታች ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ቻይናዊት እናት አሉ። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ትናንት በፌስታል የተቋጠረ ነገር አመጡልኝ። ቡናማ፣ ደረቅ፣ በስሱ የተከተፈ ሥር ይመስላል። ጠርዙ ላይ ጸጉር ነገር አለው። "ጉ ስዌይ ቡ" ይባላል አሉኝ። አፍልተሽ ጠጪ፣ አጥንትሽ ቶሎ ይገጥማል ነው የሚሉት። በስልኬ ስተረጉመው "ፈርን" የሚል ወጣ። ፈርን ደግሞ እኔ የማውቀው በረንዳ ላይ ለጌጥ የሚቀመጠውን ቅጠል ነው።

ይኼ ነገር ምንድን ነው? ብጠጣው ይጎዳኛል? በየቀኑ ለደም ግፊት ኒፈዲፒን እወስዳለሁ። ደሴ ያለችው እናቴም አጥንትሽ ሳስቷል ተብላለች፣ ለእሷም ልልክላት አስቤ ነበር። የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የዕፅ ተማሪ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እዚሁ ቻይና የባህል ሕክምናቸውን እየተማርኩ ነው። ይህን ተክል ስለምወደው ትንሽ ላብራራልሽ።

ስሙ "የተሰባበረ አጥንት ጠጋኝ" ማለት ነው። ጉ አጥንት ነው፣ ስዌይ መሰባበር፣ ቡ መጠገን። የድሮ ስሙ ግን "የጦጣ ዝንጅብል" ነበር። ሳይከተፍ ብታዪው በእርግጥም ጸጉር የለበሰ ዝንጅብል ነው የሚመስለው። አዲሱን ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. ከ712 እስከ 756 የነገሡት የታንግ ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግ ናቸው ተብሎ ይተረካል። ስብራት ሲጠግን ስላዩ ነው ይባላል።

ፈርን መሆኑ እውነት ነው። አበባም ዘርም የለውም። እንደ ሌላው ተክል አፈር ላይ ሳይሆን የዛፍ ግንድና ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው። አንዱ ረጅምና አረንጓዴ ነው። ሌላው አጭር ነው፣ ቶሎ ይደርቅና ቡናማ ይሆናል፣ ግን አይረግፍም። ግንዱን እንደ ጎጆ ያቅፍና ከላይ የሚወርደውን ብስባሽ ይሰበስባል። ተክሉ ከዚያ ነው የሚመገበው። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቆሜ ቀረሁ። አንቺ ሥር ያልሽው እየተሳበ የሚያድገው ወፍራም ግንዱ ነው። ለመድኃኒት የሚውለውም እሱ ነው።

እንዲሁ ተቆርጦ አይጠጣም። በጋለ አሸዋ ይቆላል። ሲነፋና ሲሰባበር ከአሸዋው ይወጣና ጸጉሩ ተፍቆ ይወገዳል። አንቺ የተሰጠሽ ጸጉር ካለው ወይ ጥሬ ነው፣ ወይ በደንብ አልጸዳም።

በእነሱ አስተሳሰብ አጥንትን የሚያዘው ኩላሊት ነው። ይህ ተክል መራራና ሞቃት ነው፣ ኩላሊትንና ጉበትን ያበረታል ይላሉ። ስለዚህ ከስብራት ሌላ ለወገብ ሕመም፣ ለጆሮ መጮህና ለሚነቃነቅ ጥርስም ያዙታል። በአልኮል ዘፍዝፈው ፀጉር የተመለጠበት ቦታ ላይ የሚቀቡም አሉ። በቻይና ይፋዊ የመድኃኒት መጽሐፍ የተቀመጠው መጠን በቀን ከ3 እስከ 9 ግራም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች ዕፅዋት ጋር ተቀላቅሎ፣ በሸክላ ድስት ይፈላል። ሐኪሙ የልብ ትርታሽን ዳብሶ፣ ምላስሽን አይቶ ነው የሚያዘው። ጎረቤትሽ በፍቅር ነው የሰጡሽ፣ ያዘዘልሽ ግን የለም።

ፋርማሲስት፣ አዳማ

እኔ የምፈራው ኒፈዲፒኑን ነው። በዚህ ተክል ውስጥ ብዙ የተጠናው ንጥረ ነገር ናሪንጂን ይባላል። የቻይናው የመድኃኒት መጽሐፍ ጥራቱን የሚለካው በእሱ ነው፤ ቢያንስ 0.5 በመቶ መኖር አለበት። ናሪንጂን ግሬፕፍሩት ውስጥም አለ፣ መራራ የሚያደርገው እሱ ነው። ግሬፕፍሩት ደግሞ ኒፈዲፒን ደም ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዲበዛ ሊያደርግ ይችላል። ለዚያ ዋናው ምክንያት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ፈርኑም እንደዚያው ያደርጋል ብዬ አልነግርሽም። ግን ሳታማክሪ አንድ ላይ አትውሰጂ።

ይሠራል ወይ ለሚለው፣ በሴሎችና በአይጦች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ለአጥንት እንደሚረዳ ያሳያሉ። ቻይና ውስጥ ከዚሁ ተክል የወጣ ለሳሳ አጥንት የሚታዘዝ ካፕሱልም አለ። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ያንቺ ስብራት ከቦታው ስላልወጣ በጀሶው ብቻ ይገጥማል። የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም።

የሦስት ልጆች እናት

የኔ እህት፣ ጣትሽን በየቀኑ እይው። ወንድሜ ልጅ እያለ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ ጋ ወሰድነው። ሰውየው እጁ የተባረከ ነበር፣ ግን በቀርከሃ አጥብቆ አሰረው። ማታ ጣቶቹ ጠቆሩ። ጠዋት ሐኪም ቤት ባንደርስ እጁ ይቆረጥ ነበር። ጀሶም ያው ነው። ጣትሽ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ በሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

የጫካ ልጅ

ለእናትሽ ልልክ ስላልሽው አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ፈርን ዘመድ እኛም አገር አለ። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ትልልቅ ዛፎች ላይ ተጣብቆ ይታያል፣ ያው ጎጆ የሚሠራ ቡናማ ቅጠል አለው። የምጽፈው አንድ ሰው ይህን አንብቦ "የኛም አለ" ብሎ ከዛፍ እንዳያወርድ ነው። ዘመድ ነው እንጂ ያው አይደለም። ቻይናዎቹ ራሳቸው በዚህ ስም የተለያዩ ፈርኖች ገበያ ላይ እየተሸጡ ይቸገራሉ።

የሻዎቤዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁም ተባረኩ። ዛሬ የባህል መድኃኒት ቤት ሄጄ ለእናቴ የሚሆን የጸዳ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ጥቁር፣ ምስር የሚያክል ፍሬ አሳየኝ። ስሙን "ቡ ጉ ጂ" አለኝ። ያው ነው እንዴ?

የዕፅ ተማሪ

አይደለም! እንኳን ጠየቅሽ። ሁለቱም ስም ውስጥ "ቡ" እና "ጉ" ስላሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያ ፈርን አይደለም፣ የባቄላ ዘመድ የሆነ ተክል ፍሬ ነው። እሱንም ለአጥንት ያዙታል፣ ነገር ግን ጉበት እንደጎዳ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ቆዳንም ለፀሐይ ስስ ያደርጋል። ለእናትሽ በፍጹም እንዳትልኪ። ሌላ ጊዜ ስትጠይቂ ስሙን በቻይንኛ ጽፈሽ አሳዪ፣ በቃል አትናገሪ።

ፋርማሲስት፣ አዳማ

እናትሽን በተመለከተ፣ አጥንቷ የሳሳበትን ምክንያት ሐኪሟ ያጣራ። ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም ያስፈልጋት እንደሆነ፣ የምትወስደው ሌላ መድኃኒት ካለም እሱን ይይ። የምትልኪውን ገንዘብ ለዚያ አድርጊው።

የሻዎቤዋ (ጠያቂ)

ትናንት ለጀሶው ክትትል ሄጄ ፌስታሉን ይዤ ገባሁ። ሐኪሙ አየውና ጥሬ ነው፣ ጸጉሩም አልተነሣም አለኝ። ኒፈዲፒን እየወሰድሽ ይቅርብሽ ብሎኛል። ጣቶቼ ደህና ናቸው፣ አጥንቱም መግጠም ጀምሯል። ለጎረቤቴ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው። ምንም አልከፋቸውም። ማታ የአጥንት ሾርባ ይዘው መጡ፣ ዝንጅብል የበዛበት።